ያገለገለ አይፖድ ተች ለመግዛት፦ 5ኛው፣ 6ኛው ወይስ 7ኛው ትውልድ?

አፕል አይፖድ ተች (አይፎን የሚመስል፣ ስልክ ግን የማይደውል የሙዚቃና የአፕ መሣሪያ) ማብቃቱን ያሳወቀው በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ዛሬ ገበያ ላይ የሚገኘው በአብዛኛው ያገለገለ ነው። ገዢ ቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ጊጋባይት እንደሚይዝ ነው። ከዚያ በፊት ግን እስከ ስንተኛው አይኦኤስ (የአፕል ስርዓተ ክወና) እንደሚቀበል ይጠየቅ፤ አንድ አፕ መጫን አለመጫኑን የሚወስነው እሱ ነው።

የቆዩትን በአጭሩ እንለፋቸው። በ2007 የወጣው የመጀመሪያው ሙዚቃ የሚያሰማ ስፒከርም፣ በጎኑ የድምፅ ቁልፍም አልነበረውም፤ ሁለቱም በ2008 ተጨመሩ። የ2010ሩ 4ኛ ትውልድ ካሜራና ሬቲና የተባለውን ጥርት ያለ ስክሪን ይዞ መጣ፤ የቀረው ግን አይኦኤስ 6 ላይ ነው። እነዚህ ለሰብሳቢ ናቸው።

5ኛው (2012) ባለ 4 ኢንች ስክሪን ነው፤ ራሙ (አፖች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ማህደረ ትውስታ) 512 ሜጋባይት፣ መጨረሻው አይኦኤስ 9። ከኮምፒውተር ዘፈን ጭኖ ለማዳመጥ ይበቃል፤ ለአዳዲስ አፖች ግን አይሆንም። በ2013 የወጣው ባለ 16 ጊጋባይቱ የኋላ ካሜራ እንደሌለው ልብ በሉ።

6ኛው (2015) 1 ጊጋባይት ራም አለው፤ አይኦኤስ 12 ላይ ይቆማል። 7ኛው (2019) 2 ጊጋባይት ራም ይዞ እስከ አይኦኤስ 15 ይደርሳል። ሲወጣ ከ199 እስከ 399 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ቅርፁ ከ2012 ጀምሮ ብዙም አለመለወጡና የጣት አሻራ አለመኖሩ አስተችቶታል። ትችቱ ትክክል ነበር። ቢሆንም ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ 7ኛውን ያዙ።

ችግሩ 6ኛውና 7ኛው ከውጭ አለመለየታቸው ነው። ጀርባው ላይ በደቃቁ የተጻፈውን አንብቡ፦ 6ኛው ኤ1574፣ 7ኛው ኤ2178 ነው። ባለ 16 እና ባለ 64 ጊጋባይት 7ኛ ትውልድ የለም፤ 256 ደግሞ ያለው በ7ኛው ብቻ ነው። ማጭበርበር የሚመቸው ሁለቱም ባሏቸው 32 እና 128 ላይ ነው።

ባትሪው በሁለቱም 1043 ሚሊአምፒር-ሰዓት ሲሆን ቦርዱ ላይ ተበይዷል፤ ለመቀየር ብየዳ የሚችል ባለሙያ ይጠይቃል። እንደ አይፎን የባትሪ ጤና የሚያሳይ ገጽ ስለሌለው፣ የስክሪኑን ብርሃን እስከ ላይ ከፍታችሁ ለግማሽ ሰዓት ቪዲዮ አጫውቱ። መቶኛው በድንገት እየዘለለ ከወረደ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሳ ተዉት፤ የተነሳ ስክሪን ባትሪው ማበጡን ያሳያል።

«ሄሎ» የሚለውን የማስጀመሪያ ገጽ ብቻ አይታችሁ ገንዘብ አትክፈሉ። ከስልካችሁ ሆትስፖት አገናኙትና ማስጀመሩን እስከ መጨረሻው ሂዱበት፤ የቀድሞ ባለቤቱን አፕል አይዲ (የአፕል አካውንት) ከጠየቀ፣ ሻጩ እዚያው ፊታችሁ የይለፍ ቃሉን ካላስገባ በቀር ዕቃው አይሠራላችሁም።

የ7ኛው ዋጋ ከተወደደባችሁ የ2016ቱን አይፎን ኤስኢ እዩ። ስክሪኑ እንዲሁ 4 ኢንች ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው፤ እሱም እስከ አይኦኤስ 15 ይሄዳል። በዚያ ላይ ጂፒኤስና የጣት አሻራ አለው። 113 ግራም ነው፤ የ7ኛው ክብደት 88 ነው። ሲጀመር ሲም ካርድ ሊጠይቅ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ በዋይፋይ ብቻ ይሠራል። ባትሪው ያለ ብየዳ ይቀየራል፤ ሲከፈት ግን ስክሪኑን ቀስ ብሎ ማንሳት ያስፈልጋል፤ የጣት አሻራው ቀጭን ገመድ ከታች ስለተያያዘ በችኮላ ይበጠሳል፣ የሌላ ስልክ ቁልፍ ቢገጠምም አሻራው አይሠራም።