ስሜን፣ መቄት፣ ጓሳ ወይስ ባሌ? የደጋ የእግር ጉዞና የአስጎብኚ አመራረጥ

የደጋ የእግር ጉዞ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «የቱ የበለጠ ያምራል?» ብሎ ነው። አራቱም ያምራሉ። የሚለያዩት ማታ በምን ውስጥ እንደሚታደር፣ ስንት ሜትር ላይ እንደሚተኛ፣ ምግቡን ማን እንደሚሠራና ገንዘባችሁ ማን እጅ እንደሚገባ ነው፤ ምርጫውንም ከዚህ መጀመር ይሻላል።

ስሜን፦ ድንኳንና ገደል

መነሻው ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ደባርቅ ናት። የፓርኩ መግቢያ የሚከፈለው እዚያ ሲሆን መሣሪያ የያዘ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይዞ መግባት ግዴታ ነው። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና ጫኝም እዚያው ይቀጠራሉ። የተለመደው መንገድ ሳንቃበር (3,250 ሜትር ገደማ)፣ ግጭ (3,600)፣ ጨነቅ (3,620) እያደረ ይሄዳል። ደባርቅ ራሷ 2,850 አካባቢ ስለሆነች ከፍታው በየሌሊቱ በልክ ይጨምራል፤ ሰውነትም ይለምዳል። ችግር የሚፈጥረው መኪና እስከ ጨነቅ መድረሱ ነው። ጠዋት ከጎንደር ተነስቶ ማታ ጨነቅ የሚተኛ ሰው በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ሌሊቱን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቢይዘው አያስገርምም።

ራስ ደጀንን (4,550 ሜትር) «አንድ ቀን ጨምሩልንና እናየዋለን» የሚል ሒሳብ አይሠራም። ከጨነቅ ተነስቶ 4,200 ሜትር ላይ ያለውን የቧሂት ማቋረጫ ማለፍ፣ እስከ መሸሃ ወንዝ ወደ 2,800 መውረድ፣ እንደገና 3,200 ላይ ወዳለችው አምቢቆ መውጣት አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። በማግስቱ ጫፉ ደርሶ ለመመለስ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ ያው ቁልቁለትና ዳገት በመልሱ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ 3 ቀን ጨምሩ።

ጭላዳ ዝንጀሮና ገደል ማየት ለሚፈልግ ስሜን ተወዳዳሪ የለውም። የመንደር ኑሮ ለማየት ግን የመጀመሪያ ምርጫ አይሆንም፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ውጭ እንዲሰፍሩ ተደርጓል።

መቄት፦ የገበሬው እንግዳ መሆን

በሰሜን ወሎ፣ ከላሊበላ ደቡብ፣ የመቄት ገበሬዎች በገደል አፋፍ ላይ የሠሯቸው የእንግዳ ጎጆዎች አሉ፤ መቋት ማርያም አንዱ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው በእርሻና በግጦሽ መካከል ለግማሽ ቀን ወይም ትንሽ በለጥ ላለ ጊዜ ይኬዳል፤ ዕቃውን አህያ ይሸከማል። ከፍታው አብዛኛውን 3,000 ሜትር ስለማያልፍ ልጅ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ይዞ ለሚሄድ ከስሜን ይቀላል። ዋጋው በሰው በሌሊት ተተምኖ አልጋውን፣ ምግቡን፣ አስጎብኚውንና አህያውን አንድ ላይ ይይዛል። ሥራውን የመንደሩ ሰው በተራ ስለሚሠራ ገንዘቡ ከአንድ ደላላ ኪስ አይቀርም። የመንደር ጉዞ ለሚፈልግ ቤተሰብ የእኛ ቀዳሚ ምርጫ ይህ ነው።

ጎጆዎቹ ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚይዙ አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ የትኞቹ እንግዳ እንደሚቀበሉም በስም ጠይቁ። በረቡዕ፣ በዓርብና በዓቢይ ጾም 55 ቀናት የሚቀርበው የጾም ምግብ ነው። ለልጅ ወተት ወይም እንቁላል ካስፈለገ ሲያስይዙ መናገር እንጂ ደርሶ መጠየቅ አያምርም። ቁንጫ ስለማይጠፋ የራስን አንሶላ ወይም ስሊፒንግ ባግ መያዝ ደግ ነው።

ጓሳና ባሌ

የመንዝ ጓሳ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል፣ መሃል ሜዳ ከመድረሱ በፊት ይገኛል። የአካባቢው ሕዝብ የጓሳውን ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ለዘመናት ቄሮ በሚባል የአካባቢው ባህላዊ ሥርዓት ዘግቶ እየጠበቀና በጊዜው ብቻ እያጨደ ኖሯል፤ ቀይ ቀበሮውም የተረፈው በዚሁ ጥበቃ ነው። የማኅበረሰቡ ማረፊያ አለ፤ ስንቃችሁን ግን ከከተማ ይዛችሁ ሂዱ። 3,200 ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል። ለቅዳሜና እሑድ ብቻ ጊዜ ላለው ከአራቱ የሚመቸው ይህ ነው።

ባሌ መነሻው ዲንሾ ነው። ዕቃ የሚጭነው ፈረስ ሲሆን የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ገበሬው የሚናገረው ኦሮምኛ ስለሆነ እዚያ አስጎብኚው አስተርጓሚም ነው።

አስጎብኚ ሲቀጠር

አማርኛ ተናጋሪ መንገደኛ በሰሜኑ በኩል «ቋንቋውን እናውቃለን፣ አስጎብኚ ለምን?» ይላል። ስህተት ነው። በጉም ውስጥ የገደሉን ጠርዝ የሚያውቀው፣ ውሻ የሚያስይዘው፣ ሐዘን ያለበት ቤት ፊት ካሜራ እንዳታወጡ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ቋንቋ ካላስቸገራችሁ ደግሞ እንግሊዝኛው ምን ያህል እንደሆነ ትታችሁ ስለ መንገዱና ስለ ጤና ጠይቁት። «ሌሊት ራሱን የሚያመው ሰው ቢኖር ምን ታደርጋለህ?» በሉት። «ከፍታው አይጨመርም፤ ካልተሻለው በሌሊትም ቢሆን ይወርዳል» ያለ ሥራውን ያውቃል። «ነጭ ሽንኩርት በልቶ ይቀጥላል» ያለውን እለፉት። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ነው ደንቡ። የአዲስ አበባ ሰው 2,400 ገደማ ላይ ስለሚኖር ትንሽ ይቀለዋል፤ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ የመጣ ዘመድ ግን ከባሕር ወለል ነው የሚነሳው። ለእሱ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ 2 ሌሊት አሳድሩት።

በሆቴል በር ላይ ወይም በመናኸሪያ የሚያገኛችሁን ትታችሁ ከአስጎብኚዎች ማኅበር መታወቂያ ያለውን ቅጠሩ። ጠብ የሚነሳው ሁልጊዜ ባልተነገረ ነገር ነው፦ ጫኙ በቅሎውን ይዞ የሚመለስበት ቀን ይከፈላል ወይ? የስካውቱንና የጫኙን ምግብና መኝታ ማን ይችላል? አንድ በቅሎ ስንት ኪሎ ይጭናል? ብዙ ጊዜ ጫኝና ስካውት የራሳቸውን ስንቅ ይዘዋል ተብሎ ይታለፍና በሁለተኛው ቀን ሽሮው ያልቃል። ውሃ የማፍላቱም ነገር ይወሰን፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ለ3 ደቂቃ መንተክተክ አለበት፣ ምንጩን ከብት ይጠጣበታልና። ጉርሻ ለእያንዳንዱ በእጁ ይሰጥ፤ ለአንዱ በጅምላ ከተሰጠ ጫኙ ጋ አይደርስም።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር አየሩ ጥርት ያለ፣ መሬቱ አረንጓዴ ነው። ከታኅሣሥ በኋላ ሰማዩ እንደጠራ ቢሆንም በጨነቅና በሳነቴ ሌሊት ውሃ በረዶ ይሠራል።

ከአራቱ ሦስቱ ያሉት አማራ ክልል ውስጥ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ባለው ግጭት መንገድ ሳይታሰብ ይዘጋል። ከመነሳታችሁ 2 ቀን በፊት የአስጎብኚውን ቃል ብቻ ሳትቀበሉ በዚያ መስመር የሚመላለስ ሹፌርም ጠይቁ። ቀብድ ስትከፍሉ ደግሞ «መንገድ ከተዘጋ ቀብዱ ይመለሳል ወይም ለሌላ ቀን ይተላለፋል» የሚለው በጽሑፍ ይስፈር፤ በቴሌግራም መልእክትም ቢሆን ይበቃል።