ድንገተኛ ክፍል ወይስ ቤት? ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላለበት

አባቴ ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥራቸው ባጃጅ ጠርተን ወደ ድንገተኛ ክፍል እንሮጥ ነበር። ኦክስጅኑና ኔቡላይዘሩ (መድኃኒትን ወደ ጉም ለውጦ የሚያስተነፍሰው መሣሪያ) ያለው እዚያ ነው፤ ከንፈር ከጠቆረ ወይም ሰው ከተደናገረ ማመንታት የለም። ግን የምንኖርባት ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ የሌሊቱ ብርድ ራሱ ደረት ይይዛል።

የማስታገሻ ሕክምናን፣ ማለትም የሕመምተኛውን ስቃይ የሚያቀልለውን እንክብካቤ፣ ብዙዎች ተስፋ ሲቆረጥ የሚሰጥ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ ከሚሳበው መድኃኒት ጎን ለጎን ይሄዳል። ለአንዳንዱ ሕመምተኛ ሐኪም የትንፋሽ ማጠሩን ለማቅለል በጥቂቱ ሞርፊን (ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) ያዝዛል። እኛን የረዳን ግን ማርገብገቢያ ነው፦ አባቴ ጎንበስ ብለው ክርናቸውን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፋሉ፤ እናቴ «አብሽር» እያለች ፊታቸው ላይ ቀስ አድርጋ ታራግብላቸዋለች። የከሰል ምድጃውንም ከቤት አውጥተነዋል።

እኔ ቤቱን እመርጣለሁ፤ መቼ ወደ ሆስፒታል እንደሚኬድ ከሐኪሙ ጋር አስቀድመን ከተነጋገርን።