የዲግሪ ማስረጃ ግምገማ አገልግሎት፦ ከ5 ኮከብ 4

ለካናዳ ኤክስፕረስ ኢንትሪ (የውጭ ባለሙያዎችን በነጥብ አወዳድሮ ለቋሚ ነዋሪነት ለሚመርጠው ሥርዓት) የኤሌክትሪክ ምህንድስና ዲግሪዬን ያስገመገምኩት በአንድ የማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ነው። ሥራቸው ጥሩ ነው። ሪፖርቱ ዲግሪዬ ከካናዳ የባችለር ዲግሪ ጋር እኩል መሆኑን በግልጽ ያስቀምጣል፤ ለ5 ዓመት ያገለግላል። አንድ ኮከብ የቀነስኩት በትራንስክሪፕቴና በፓስፖርቴ ላይ የአባቴ ስም በአንድ ፊደል ስለተለያየ ፋይሌን ስድስት ሳምንት አቁመው አንድም ኢሜይል ስላልላኩልኝ ነው። ደውዬ ነው የሰማሁት።

ከዚህ በላይ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ወረቀት ነጥብ ያስገኛል እንጂ የሙያ ፈቃድ አይሆንም። በመሐንዲስነት ፈርሞ ለመሥራት የሚኖሩበት ክፍለ ሀገር ፈቃድ ሰጪ አካል ይሁን ማለት አለበት። ካናዳ በ1967 እ.ኤ.አ. የነጥብ ሥርዓት የጀመረችው ሰውን በትውልድ አገሩ ሳይሆን በችሎታው ለመምረጥ ነበር። በችሎታው የተመረጠ ሰው መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድር ታዲያ ማን ተጠቀመ? ያስተማረው አገር ወጪውን ከፍሏል፤ የተቀበለው አገር ደግሞ ከመሐንዲስ ደመወዝ የሚሰበስበውን ግብር ያጣል። መሐንዲስ ያጣ ድርጅት ፕሮጀክቱን ካዘገየ፣ በዚያ ሥራ ላይ ሊቀጠሩ የነበሩ የአገሬው ቴክኒሻኖችም ይጠብቃሉ። «ሥራ ሊሻሙ መጡ» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩልኝ እወዳለሁ።

ለምታመለክቱ፦ በሁሉም ሰነዶቻችሁ ላይ የስማችሁን አጻጻፍ አስቀድማችሁ አስተካክሉ። የሙያ ፈቃዱንም ከአገር ሳትወጡ መጠየቅ ጀምሩ።