ስለ እናቴ እግር፦ ደንቢያ ወርዳችሁ ለሠራችሁ የቲቲፒ ተማሪዎች ምስጋና

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ተመራቂ ተማሪዎች፣ ደንቢያ እናቴ ሰፈር ለቲቲፒ ወርዳችሁ የከረማችሁት ልጆች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው እናንተን ለማመስገን ነው። እግረ መንገዴንም እናት አባቱ ገጠር ላሉበት ሰው ሁሉ ሥራችሁን ማስተዋወቅ እፈልጋለሁ።

ቲቲፒን (የቡድን ሥልጠና ፕሮግራምን) ለማያውቅ ሰው፦ የሕክምና፣ የጤና መኮንን፣ የነርሲንግ፣ የሚድዋይፍሪ፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች ሊመረቁ ሲቃረቡ በቡድን ተደልድለው ወደ ጤና ጣቢያ ይላካሉ። ለሳምንታት እዚያው ይከርማሉ። ጤና ጣቢያው ውስጥ በሽተኛ ያያሉ፣ ቤት ለቤት እየዞሩም ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ሽንት ቤት መኖሩን፣ ልጆቹ መከተባቸውን፣ ነፍሰ ጡሯ ክትትል መጀመሯን ይጠይቃሉ፣ ይመዘግባሉ። ከዚያ ከቀበሌው ሰው ጋር ተቀምጠው የቱ ይቅደም ብለው ይመካከሩና አብረው ወደ ሥራ ይገባሉ።

እናቴ የደም ግፊት ታማሚ ናት። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሏት ከርሟል። ኩላሊት ነው ያለ አለ፣ ዕድሜ ነው ያለም አለ። የነርሲንጓ ተማሪ መጠይቅ ልትሞላ ገብታ ጥያቄውን ሳትጨርስ እግሯን አየችው። በማግስቱ የፋርማሲውን ልጅ ይዛ መጣች።

«እማማ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ እስቲ ያሳዩኝ» አላት።

እናቴ ከትራስ ሥር ያለውን፣ ሳጥን ውስጥ ያለውን፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችውንም ሳይቀር አውጥታ ሰፌድ ላይ ዘረገፈችለት። ልጁ መደብ ላይ ቁጭ ብሎ እሽጉን እያገላበጠ አንድ በአንድ አነበበ። ከመካከላቸው ቀለማቸውም የንግድ ስማቸውም ለየቅል የሆኑ ሁለት እሽጎች ነበሩ፤ ውስጣቸው ያለው ግን አንድ ዓይነት መድኃኒት፣ አምሎዲፒን ነው። በተለያየ ጊዜ ከተለያየ ቦታ ታዝዞላት ሁለቱንም በየቀኑ ትውጥ ነበር። ይህ መድኃኒት በተለይ መጠኑ ሲበዛ እግር ሊያሳብጥ እንደሚችል ለእኔም በስልክ በትዕግሥት አስረዳኝ። በራሱ ሥልጣን ግን አላስቆማትም። ጤና ጣቢያ ይዘዋት ሄዱ፣ የጤና መኮንን ተማሪዋ ግፊቷን ለካች፣ የላቦራቶሪው ልጅ ሽንቷን መረመረ፣ የጤና ጣቢያው ባለሙያም ሁሉንም አይቶ መጠኑን አስተካከለላት። እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ። አሁን ጫማዋን ተጫምታ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ትመለሳለች።

እናቴ ከዚህ በፊትም ሐኪም አጥታ አታውቅም። ግን አንዱ ግፊቷን ብቻ ለክቶ ይሸኛታል፣ ሌላው ወረቀቷን አይቶ መድኃኒት ይሰጣታል። ቤቷ ገብቶ ሰፌዱን ያየ አልነበረም። እነዚህ ልጆች ማታ ማታ ተሰብስበው ቀን ያዩትን እርስ በርስ ስለሚነጋገሩ ነው አንዷ ያየችውን ሌላው የፈታው። ለገጠር የሚሆን ባለሙያ እንዲህ ነው የሚሠለጥነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ ለደንቢያ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል። በዓመቱ፣ በ1954፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ያኔ የሚያሠለጥነው ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) ነበር፤ ሦስቱም ገጠር ጤና ጣቢያ ወርደው እንደ አንድ ቡድን እንዲሠሩ ታስቦ። ወባው ዛሬም አልለቀቀንም። የአካባቢ ጤና ተማሪዎቹ አጎበሩን እህል መሸፈኛ ያደረገውን ሰው ሳያሳፍሩ አነጋግረው መልሶ እንዲሰቅለው ሲያግባቡ እንደነበር ጎረቤቶች አጫውተውኛል።

የቀበሌያችንን ጤና ኤክስቴንሽንም ሳላመሰግን አላልፍም። የትኛው ቤት አራስ እንዳለች፣ የትኛው ቤት አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ እንዳለ የምታውቀው እሷ ናት። ከፊት ሆና በር ባታስከፍትላቸው ኖሮ ልጆቹን ማን ያስገባቸው ነበር? ሲወጡም መዝገባቸውን ለእሷና ለጤና ጣቢያው አስረክበው ነው የሄዱት። አሁን እናቴን የምትከታተላት እሷ ናት።

እንግዲህ ገጠር ቤተሰብ ላላችሁ ሁሉ ጥቆማዬ ይህ ነው፦ የቲቲፒ ተማሪዎች ሰፈራችሁ መምጣታቸውን ስትሰሙ ለእናት ለአባታችሁ ደውሉና በር ክፈቱላቸው በሉ። መጠይቁ ረዘመ ብለው እንዳይሰለቹ፣ ቤት ያለውን መድኃኒትና የሕክምና ካርድ ሁሉ ሳይደብቁ እንዲያሳዩ ንገሯቸው። የቀበሌ አመራሮች፣ እባካችሁ ማደሪያ በመፈለግ አግዟቸው፤ ተማሪ መሆናቸውን አይቶ ኪራይ የሚያንር ሰው አለና። ቲቲፒን ለውጤት ብቻ የምታዩት ተማሪዎች ካላችሁም፣ እናቴን አስቧት። ዩኒቨርሲቲዎችም በጀት ጠበበ ብላችሁ ይህን ጊዜ እንዳታሳጥሩት እለምናለሁ።

ልጆቼ፣ ወላጆቻችሁ ይኩሩባችሁ፣ የተመደባችሁበት ሁሉ ይቅናችሁ። ከመካከላችሁ ይህን ያነበበ ካለ ለእናቴ ይደውልላት። ስልኳ ያው ነው፣ «ተመረቁ ወይ?» እያለች እኔን ትጠይቀኛለች።