የአባቴን መዝገበ ቃላት ላተረፈልን ወጣት

ይህን የምጽፈው አንድ ወጣት ለማመስገንና እንደ እርሱ ያለ ሰው አጥታችሁ ለምትንከራተቱ ሁሉ ለመጠቆም ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳልጠቅስ ስለለመነኝ ቃሌን እጠብቃለሁ፤ ሥራውን ግን በዝምታ ማለፍ አልሆነልኝም።

አባቴ በጡረታ ላይ ያሉ የአማርኛ መምህር ናቸው። ቃላት መሰብሰብ የጀመሩት ገና ሲያስተምሩ ሲሆን፣ በእጃቸው የጻፏቸው ካርዶች በየጊዜው በተለያዩ ሰዎች ወደ ኮምፒውተር ገብተው 314 የጽሑፍ ፋይሎች ሆነዋል። ጣጣው የመጣው እነዚህን ፋይሎች አንድ ወጥ እናድርጋቸው ስንል ነው። አንዱ ጸሐፊ ዐረፍተ ነገሩን በ«።» ይዘጋል፤ ሌላው «፡»ን ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ሦስተኛው የፈረንጁን «:» ይደጋግማል። ለዓይን ሦስቱም አራት ነጥብ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የማይተዋወቁ ምልክቶች ስለሆኑ፣ አንዱን ስትፈልጉ ሌሎቹ ሁለቱ ያመልጧችኋል።

መጀመሪያ የሰጠነው የኮምፒውተር ጽሕፈት ለሚሠራ አንድ ቤት ነበር። በገጽ ቆጥረው አስከፈሉን፣ «ነገ ኑ» እያሉ ከሦስት ሳምንት በላይ አመላለሱን፣ በመጨረሻም ማንም ሳያዝዛቸው «ሠ»ን ሁሉ በ«ሰ» ተክተው አስረከቡን። ለሌላ ሰው ይህ ኢምንት ነገር ሊመስለው ይችላል። የአባቴ ልፋት ግን የፀሐይን መውጣት የሚናገረውን «ሠረቀ» የሰው ንብረት ከሚወስደው «ሰረቀ»፣ ሥዕል የሚሥለውን «ሠዐለ» ከሚለምነው «ሰአለ» ለይቶ ማስቀመጥ ነበርና፣ ፀሐይዋ ሌባ ሆና ተመለሰችልን። አቤት ብንል «ኮምፒውተሩ ነው ያደረገው» ተባልን። ቀጥሎ ያገኘነው «ባለሙያ» ደግሞ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ በእጁ ሊያርም ሞክሮ፣ አርባ ያህል እንኳ ሳይሞላ ቀብዱን ይዞ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ አባቴ ለብዙ ሳምንታት ካርዶቻቸውን አልነኩም፤ ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ እርሱ ነው።

ይህ ወጣት ቤታችን መጥቶ ገና ሲቀመጥ የጠየቀው «አባባ፣ ማንም ያልነካው የመጀመሪያው ቅጂ አለዎት?» ብሎ ነበር። ከእርሱ በፊት ይህን የጠየቀን አልነበረም። ከመሳቢያ ውስጥ አንድ አሮጌ ፍላሽ ፈልገን ሰጠነው፤ ሁሉንም ወደ ሌላ ቦታ ገለበጠና ፍላሹን መልሶ በአባቴ እጅ አስቀመጠ።

ከዚያ ማውስ እንኳ የማይፈልግ ጥቁር መስኮት ከፈተ። የጻፈውን ሁሉ ተረድቻለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። የገባኝ ይህ ብቻ ነው፦ በመጀመሪያ የትኛው ምልክት በስንት መስመር ላይ እንዳለ ቆጠረ፤ ቀጥሎ ሴድ በሚባል፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ቤል ላብስ በተሠራ ፕሮግራም አንዲት መስመር ጽፎ፣ ፋይሉን ሳይነካ ውጤቱን በስክሪኑ ላይ ብቻ አሳየን። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው አንብበው «ይሁን» ሲሉ፣ ያችኑ መስመር ትንሽ ለውጦ በ314ቱም ፋይሎች ላይ ለቀቃት። አቦል ሳይቀዳ አለቀ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ የቆመበት ቦታ ነው። የ«ሠ» እና የ«ሰ» ጉዳይ ሲመጣ፣ ያው ባንዲት መስመር መጨረስ ሲችል፣ «ይህንን አባባ ናቸው የሚወስኑት» ብሎ ሥራውን ወደ ሌላ ፕሮግራም አዛወረው። ቪም ይባላል፤ በእያንዳንዱ ቃል ላይ እየቆመ ልቀይር ወይስ ልተው ብሎ ይጠይቃል። አባቴ «ይቀየር» ወይም «ይቅር» ይላሉ፣ እርሱ አንድ ቁልፍ ይጫናል። ሁለት ምሽት እንዲህ አለፈ። አባቴ ለጸሎት ሲነሡ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃቸዋል እንጂ አንድ ቃል እንኳ ቀድሟቸው አልሄደም።

ከሁለቱ ምሽቶች በአንዱ አባቴ ቪም ሲከፈት የሚታየውን ጽሑፍ እያነበቡ «ኡጋንዳን እዚህ ምን አመጣት?» ብለው ጠየቁ። ፕሮግራሙን የሠራው ብራም ሙሌናር የተባለ ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1991 በነጻ እንዳወጣው፣ የሚወዱለት ሰዎችም በምትኩ ለኡጋንዳ ልጆች እንዲረዱ እንደሚለምን፣ እርሱ በ2023 ቢያርፍም ልመናው ከስክሪኑ ላይ እንዳልተነሣ ወጣቱ አስረዳቸው። አባቴ «ነፍሱን ይማር» አሉ፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ጥቁር መስኮት መፍራት ተውኩ።

የጠየቀን ክፍያ ቀደም ሲል በከንቱ ካወጣነው በብዙ ያነሰ ነበር፤ ሁለተኛውን ምሽትማ ጨርሶ አላስከፈለንም። ጥናት፣ መጽሐፍ፣ የማኅበር መዝገብ፣ የተበላሸ የቆየ ጽሑፍ ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ይህን ልጅ አነጋግሩት፤ ደግሜ እላለሁ፣ አነጋግሩት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እርሱን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። በሥራ ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ይመቸዋል። ቅዳሜን ግን እንዳትጠይቁት፤ አባቴ ለ«ጸ» እና ለ«ፀ» ይዘውታል።