ተራ የክንድ ማንገቻ ወይስ ባለ ትራሱ? ከትከሻ ቀዶ ሕክምና በፊት ለሚገዙ

የትከሻ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተያዘለት ወዳጅ በደወለልኝ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው፦ «የትኛውን ማንገቻ ልግዛ? ተራውን ወይስ ባለ ትራሱን?» ስለ ማደንዘዣው፣ ስለ ጠባሳውና ስለ ሕመሙ ሐኪሙን ጠይቀው ጨርሰዋል። ማንገቻው ግን ጨርቅና ስፖንጅ ብቻ ስለሚመስል ማንም በቁም ነገር አያወራበትም፤ ሰዉም ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው ተጣድፎ ይገዛል። እኔም በጥድፊያ ገዝቼ ገንዘቤን በማይሆን ዕቃ ላይ አጥፍቻለሁ። ያንኑ መልስ ደጋግሜ በስልክ ከምናገር እዚህ ልጻፈው።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሐኪማችሁ ለይቶ ባለ ትራሱን ካላዘዘ በስተቀር ጥሩ ተራ ማንገቻና አንድ ጠንከር ያለ ትንሽ ትራስ ይበቃችኋል። ካዘዘ ደግሞ ትክክለኛውን ባለ ትራስ ግዙ። አስመስሎ የተሠራውን ባለ ትራስ ግን ምንም ያህል ቢረክስ አትንኩት፤ ከሦስቱ የከፋው እርሱ ነው።

ተራው ክንድን ሆድ ላይ አጥፎ የሚይዝ ከረጢትና ማሰሪያ ነው። ባለ ትራሱ ክንድና ወገብ መካከል ስፖንጅ ገብቶበት ክንድን ከጎን አራርቆ ይይዛል። የሚሸጠውም ይህ ርቀት ነው። ስለዚህ ርቀቱን የማይጠብቅ ትራስ ምንም አልሸጠላችሁም ማለት ነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ። የጥሩ ተራ ማንገቻን ዋጋ አንድ እጅ ብንለው፣ እኔ የገዛሁት አስመሳይ ባለ ትራስ ሦስት እጅ፣ ታላቅ እህቴ ከሁለት ዓመት በኋላ የገዛችው ትክክለኛ ደግሞ ሰባት እጅ ወጥቶበታል። ሦስት እጁ ተንኮለኛ ዋጋ ነው። ከሰባቱ ጋር ሲተያይ ከግማሽ በታች ስለሆነ ያተረፉ ይመስላል። እኔም «ያው አንድ ነው፣ ስሙ ነው የሚያስወድደው» ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ማንገቻ በአብዛኛው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይደረጋል፤ ስድስት ሳምንት ማለት 42 ቀን ነው። ማንኛውንም ማንገቻ ስትገዙ ዋጋውን ለ42 አካፍሉትና በቀን ስንት እንደሚያወጣ እዩ። የኔ አስመሳይ የቆየው 16 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ በቀን ሲሰላ ከእህቴ ውድ ማንገቻ ይበልጥ ያስከፈለኝ እርሱ ነበር።

ያ 16 ቀን እንዴት እንዳለፈ ልንገራችሁ፤ ማስታወቂያ ላይ የማይጻፈው ይህ ነውና። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልነበረም። ዘጠነኛው ቀን ላይ ክርኔ የሚያርፍበት ስፖንጅ ሟሸሸ። ጠዋት ሳደርገው ተነፍቶ ይቆማል፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ ክንዴ ወርዶ ከጎኔ ይጣበቃል። ቀጥሎ ቬልክሮው ክር እየሰበሰበ መያዝ አቆመ፤ ሌሊት «ጭርር» ብሎ ሲላቀቅ በድንጋጤ ነቅቼ ክንዴን በሌላው እጄ እደግፍ ነበር። ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ ቬልክሮውን አስቀየርሁ፤ ይህ ከተራው ማንገቻ ዋጋ ግማሹን በላ። ስፖንጁን ከወንበር መደገፊያ በተቆረጠ ስፖንጅ አስቀየርሁ፤ ይህም ሌላ ግማሽ። ይህ ሁሉ ወጥቶበት 15ኛው ቀን ላይ የትከሻው ዘለበት ለሁለት ተሰበረ። በማግሥቱ ፊዚዮቴራፒስቷ አየችውና ትራሱን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ፣ «ይህ ክንድህን ከሆድህ ላይ እያራቀው አይደለም፤ ወደ ውስጥ እያዞረው ነው» አለችኝ። በሦስት እጅ ዋጋና በአንድ እጅ ጥገና የተራውን ማንገቻ ሥራ እንኳ በወጉ አላገኘሁም።

ያን ቀን ቀዶ ሕክምናውን ለሠራልኝ ሐኪም ደወልን። የተቀደደው ጅማቴ መካከለኛ መጠን ያለውና ሳይወጠር የተሰፋ ስለነበር፣ ተራ ማንገቻ አድርጌ ከክርኔ ሥር ትንሽ ትራስ ብደግፍ እንደሚበቃኝ ነገረኝ። ቀድሜ ብጠይቀው ኖሮ ቀድሞም ይነግረኝ ነበር። የቀሩትን ሳምንታት በተራው ጨረስሁ። አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

«ታዲያ ባለ ትራሱ ለምን ተፈለሰፈ?» ለሚለው መልስ አለ፤ ምክንያቱም ውሸት አይደለም። በእንግሊዝኛ «ሮቴተር ከፍ» ተብለው ከሚጠሩት አራት የትከሻ ጅማቶች ብዙውን ጊዜ የሚቀደደው ከላይ ያለው ሱፕራስፓይነተስ ነው። ክንድ ከጎን ሲጣበቅ ይህ ጅማት በአጥንቱ ራስ ላይ ይወጠራል፤ ክንድ ትንሽ ሲርቅ ውጥረቱ ይላላል። እ.ኤ.አ. በ1970 ራትበንና ማክናብ የተባሉ ተመራማሪዎች በአስከሬኖች የደም ሥሮች ውስጥ ቀለም አስገብተው ሲያዩ፣ ክንድ ከጎን ተጣብቆ በነበረባቸው ትከሻዎች ጅማቱ ከአጥንት ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ቀለም ሳይደርሰው ቀርቶ አገኙት፤ ክንድ በራቀባቸው ግን ቀለሙ እስከ ጫፉ ገባ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ውጥረት ይቀንስ፣ ደም ይድረስ፣ ስፌቱ ይያያዝ።

አስከሬን ላይ የታየው ግን ሕያው ሰው ላይ ሁልጊዜ በውጤት አይገለጥም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከጄኔቫ የወጣ ጥናት ትንሽ ወይም መካከለኛ ቅዳድ ተሰፍቶላቸው የነበሩ 80 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ ግማሾቹ ማንገቻ አደረጉ፣ ግማሾቹ ጭራሽ አላደረጉም። ማንገቻ ያላደረጉት በመጀመሪያዎቹ ወራት ክንዳቸውን በተሻለ አንቀሳቀሱ፤ በአልትራሳውንድ ሲታዩም ስፌቱ የተፈታባቸው ከሌሎቹ አልበለጡም። ይህን ጠቅሳችሁ ማንገቻችሁን በራሳችሁ ፈቃድ እንዳታወልቁ አደራ፤ ጥናቱ የተሠራው በተመረጡ ታካሚዎች ላይና በጥብቅ ክትትል ነው። እኔ የምወስደው ቁም ነገር አንድ ነው። ቅዳዱ ትንሽ ወይም መካከለኛ ሆኖ ማንገቻ ማድረግና አለማድረግ እንኳ ይህን ያህል ከተቀራረበ፣ በሁለት ማንገቻዎች መካከል ሰባት እጅ የሚያስከፍል ልዩነት አለ ብሎ ማመን ይከብደኛል።

ሦስተኛ ዓይነትም ትሰማላችሁ፤ ክንድን ወደ ውጭ አዙሮ የሚይዝ ማሰሪያ ነው፣ ትከሻው ወልቆ ለተመለሰለት ሰው የሚሸጥ። መነሻው ጃፓናዊው ኤይጂ ኢቶይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው የ198 ታካሚዎች ጥናት፣ እንደ ልማዱ ክንዳቸው ወደ ውስጥ ታስሮ ከነበሩት 42 በመቶ ትከሻቸው ዳግም ወልቋል፤ ወደ ውጭ ከታሰሩት ግን 26 በመቶ። ዜናው ሲሰማ ማሰሪያው ገበያውን ሞላ። በኋላ በሌሎች አገሮች የተሠሩ ሙከራዎች ተደምረው ሲታዩ ያ ትልቅ ልዩነት ጸንቶ አልተገኘም። ክንድን ወደ ውጭ ዘርግቶ በር ማለፍ፣ መተኛት፣ መኪና ውስጥ መግባት ምን ያህል እንደሚያስመርር ደግሞ ያደረገው ያውቀዋል። ሐኪም ካላዘዘ ለዚህ ገንዘብ አታውጡ።

ባለ ትራሱ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ስለ ዋጋ መከራከር ተገቢ አይደለም። የእህቴ ቅዳድ ግዙፍ ነበር። ጅማቱ ወደ ኋላ ሸሽቶ ተስቦ ነው የተሰፋው፤ ክንዷ ከጎን ቢጣበቅ ስፌቱ ይወጠራል። ሐኪሟ ክንዷ ከጎኗ በስንት ዲግሪ መራቅ እንዳለበት ጽፎ ሰጣት፣ በዚያው ልክ ገዛን። ትከሻቸው ወደ ኋላ ይወልቅ ለነበረና ለዚያ ለተጠገነላቸው፣ እንዲሁም አንዳንድ ጊዜ መገጣጠሚያው በሰው ሠራሽ ለተተካላቸው የክንዱ አቀማመጥ የሕክምናው አካል ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ፦ ክንዴ በስንት ዲግሪ መቀመጥ አለበት? ለስንት ሳምንት? ተራ ማንገቻ ከትንሽ ትራስ ጋር ይበቃኛል ወይ? ወደ ሱቅ መሄድ ከመልሱ በኋላ ነው።

ትክክለኛውን ባለ ትራስ ከአስመሳዩ የምለየው በሳጥኑ አይደለም፤ የኔ አስመሳይ የመጣበት ሳጥን ከእህቴው ያማረ ነበር። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ሙሉ ክብደታችሁን በክርናችሁ አሳርፉበት፤ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ስታነሡት የክርናችሁ ጉድጓድ ከቀረ ተዉት። ቬልክሮውን ሠላሳ ጊዜ ያህል አላቁና አጣብቁ፤ ሻጩ ቢቆጣም ቀጥሉ። ዘለበቱ ሲታጠፍ ነጭ መስመር ካወጣ ይሰበራል። የስፖንጁ ልባስ ወልቆ የማይታጠብ ከሆነም አይሆንም፤ ስድስት ሳምንት ብብት ሥር የሚውል ጨርቅ መታጠብ አለበት። አንዳንዱ ለግራና ለቀኝ ተለይቶ ይሠራል፤ እርሱንም አረጋግጡ።

ተራው እንከን የለውም አልልም። ዋናው ችግሩ አንገት ነው፤ ቀጭኑ ማሰሪያ በሦስተኛው ቀን አንገትን ከትከሻው በላይ ያሳምማል። ስለዚህ ማሰሪያው ከአራት ጣት ያላነሰ ስፋት ያለው፣ አንገት ላይ ሳይሆን በጀርባ ዞሮ በጤነኛው ትከሻ ላይ የሚያርፍ ይሁን። ከረጢቱ ጥልቅ ሆኖ ከክርን እስከ ትንሿ ጣት ሥር ይድረስ፤ አጭር ከሆነ የእጅ አንጓ ወደ ታች ይንጠለጠልና እጅ ያብጣል፣ ጣቶች ይደነዝዛሉ። መዳፍ ከክርን ትንሽ ከፍ ይበል። ክርን ለሳምንታት ታጥፎ ሲቀመጥ ይደርቃል፤ ስለዚህ ሐኪሙ በፈቀደው መንገድ በቀን ጥቂት ጊዜ ማንገቻውን ከፍቶ ክርንን መዘርጋት፣ ጣትን መጨበጥና መፍታት ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ ተራው ምቹ ነው፤ በአንድ እጅ ይፈታል፣ በአንድ እጅ ይታሰራል። ባለ ትራሱን እህቴ ያለ እኔ እርዳታ አድርጋው አታውቅም። ብቻውን የሚኖር ሰው ይህን አጥብቆ ያስብበት።

ለሌሊቱ ደግሞ ትንሹ ትራስ ዋጋ የማይተመንለት ነው። ከወገብ ቀና ብሎ ተደግፎ መተኛትና ትራሱን ከክርን ኋላ ማድረግ፣ ክርኑ ወደ ኋላ ወድቆ ስፌቱን እንዳይጎትት ይከላከላል። ቤት ውስጥ ያለ ጠንካራ ትራስ ይሆናል። አዲስ የሚገዛም ቢሆን ከተራው ማንገቻ ዋጋ ሩብ አይሞላም።

ከማንገቻው ጋር አብሮ የሚሸጥላችሁ ሌላው ነገር ቀዝቃዛ ውሃ የሚያዘዋውር ማሽን ነው። ዋጋው ባለ ትራሱን ሁለት ጊዜ ይገዛል። በጨርቅ የተጠቀለለ የበረዶ ከረጢት ለ20 ደቂቃ ያህል እያደረጉ ማንሣት ለእኔ በቂ ነበር። የማሽኑ አደጋ መረሳቱ ነው፤ የነርቭ ማደንዘዣው ሳይለቅ ቆዳ ላይ ለሰዓታት ከተተወ ሕመሙ ስለማይሰማ ቆዳን በብርድ እስከማቃጠል ይደርሳል። ጉልበታቸውን የሚተኩ ወዳጆቼ ስለሚጠይቁኝ እግርን በራሱ ስለሚያጥፍና ስለሚዘረጋ ማሽንም ልጨምር። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ግምገማ ጉልበት በማጠፍ አቅም ላይ የሚያመጣው ለውጥ ለታካሚው ቁም ነገር የማይሆን ያህል ትንሽ መሆኑን አሳይቷል። ኪራዩን ለፊዚዮቴራፒ ክፍያ አውሉት።

ያገለገለ ማንገቻ መግዛትስ? ተራውን አዲስ ግዙ፤ ርካሽ ነው፣ ላብም ይጠጣል። ትክክለኛው ባለ ትራስ ግን ልባሱ ከታጠበና ስፖንጁ የክርኑን ፈተና ካለፈ በግማሽ ዋጋ ቢገኝ እኔ እገዛዋለሁ። የእህቴ ማንገቻ ከእርሷ በኋላ ለሁለት ሰዎች ተውሷል። ስፖንጁ እስከ ዛሬ ቅርጹን አልለቀቀም። የወገቡ ቬልክሮ ግን ላልቷል፤ ሦስተኛው ተዋሽ የፊታችን ወር ቀጠሮ ስላለው በዚህ ሳምንት አስቀይረዋለሁ።