የፊዚክስ አስጠኚ ለምትፈልጉ የጅማ ተማሪዎች፦ የእኛን ጋሼ ልጠቁማችሁ

ሰላም የጅማ ልጆች። ዛሬ የመጣሁት አንድ ሰው ላመሰግን ነው። ቆጪ አካባቢ ቤታቸው ፊዚክስ የሚያስጠኑ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ተማሪው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ስማቸውም ስልካቸውም አደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ።

የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ለመውጫ ፈተና ስዘጋጅ አንድ ርዕስ አላላውስ አለኝ፦ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች ቢም፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ አብረው የሚጓዙ ቅንጣቶች ጅረት። ፎርሙላው አጭር ነው። ጥያቄው ግን በመጣ ቁጥር መልኩን ቀይሮ ነው የሚመጣው። አንዴ ከረንቱ ይሰጥና የኤሌክትሮኖቹ ብዛት ይጠየቃል። አንዴ ኢነርጂው ይሰጥና ፓወሩ ይፈለጋል። ቀደም ሲል የተመዘገብኩበት የማጠናከሪያ ትምህርት ያስታቀፈኝ ፎቶ ኮፒ የተደረገ መልስ ነው። መልስ መሸምደድ ይቻላል፣ ቁጥሩ ሲቀየር ግን ምንም አይሠራም።

ጋሼ ጋ ስሄድ ቾክ ሳያነሱ ጠየቁኝ። «መርካቶ ቡና ሲጫን አይተሻል አይደል? በሩ ላይ ቁሚ እንበል። በደቂቃ ስንት ጆንያ አለፈ? እሱ ከረንቱ ነው። አንዱ ጆንያ ስንት ኪሎ ነው? እሱ ደግሞ የአንዱ ቅንጣት ኢነርጂ ነው። ሁለቱን እንዳታደባልቂ።» በቃ፣ ርዕሱ እዚያው ተከፈተልኝ።

ከዚያ ወደ ቁጥሩ ገባን። የአንድ ኤሌክትሮን ቻርጅ 1.6 × 10⁻¹⁹ ኩሎምብ ነው። ስለዚህ 1 አምፔር ማለት በየሰከንዱ 6.24 × 10¹⁸ ኤሌክትሮን ያልፋል ማለት ነው። ፓወር ሲፈለግ ከረንቱን ቅንጣቶቹን ባፋጠነው ቮልቴጅ ማባዛት ነው። የድሮውን ወፍራም ቴሌቪዥን አስታውሱ። የባለ ቀለሙ ቱቦ ኤሌክትሮኖችን የሚያፋጥነው በ25,000 ቮልት አካባቢ ነው። ከረንቱ 1 ሚሊ አምፔር ቢሆን ስክሪኑ ላይ የሚያርፈው 25 ዋት ይሆናል። ካልኩሌተር ከመንካታችን በፊት መልሱ ምን ያህል እንደሚሆን በግምት እንድንናገር ያደርጋሉ። መጀመሪያ ያስጨንቃል፣ በኋላ ግን ፈተና ላይ ትልቅ ጊዜ ያተርፍላችኋል።

እኔን በጣም የገረመኝ የሰርኑ፣ የአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ ምሳሌ ነው። ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ድንበር ላይ ከመሬት በታች 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው የቅንጣት ማፋጠኛ አለ። ፕሮቶኖቹ የሚዞሩት በጥቅል በጥቅል ሆነው ነው። በዲዛይኑ መሠረት በአንዱ ቢም ውስጥ 2808 ጥቅል አለ፣ በእያንዳንዱ ጥቅል ደግሞ 115 ቢሊዮን ፕሮቶን። ሲባዛ ወደ 323 ትሪሊዮን ይመጣል። ይህን ሁሉ በፕሮቶን ቻርጅ ስታባዙት የምታገኙት 52 ማይክሮ ኩሎምብ ገደማ ብቻ ነው። ኢምንት ነው። ግን እነዚሁ ፕሮቶኖች በሰከንድ 11,245 ጊዜ ይዞራሉ። በዚህ ሲባዛ 0.58 አምፔር ይሆናል። አንድ ነጥብ ላይ የቆመ ሰው ያንኑ ፕሮቶን ደጋግሞ ይቆጥረዋል፣ ምስጢሩ ይሄ ነው።

ጋሼ እዚህ ላይ ቆም አሉና ጠየቁን። ፕሮቶኖቹ ሲገቡ ኢነርጂያቸው 450 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የአንድ ቅንጣት ኢነርጂ የሚለካበት አሃድ) ነው፣ ከዚያ ወደ 7 ትሪሊዮን ያድጋል። ከረንቱስ ስንት እጥፍ ያድጋል? ክፍሉ ሁሉ አስራ አምስት አካባቢ አለ። መልሱ ግን፣ አያድግም። ሲገቡም ፍጥነታቸው የብርሃንን ፍጥነት ሊነካ ጥቂት ነው የቀረው፣ ስለዚህ በሰከንድ የሚዞሩት ያንኑ ያህል ጊዜ ነው። የጨመረው እያንዳንዱ የተሸከመው ነው። በ7 ትሪሊዮኑ ላይ አንዱ ቢም ያጠራቀመው ኢነርጂ 362 ሚሊዮን ጁል ይደርሳል። ይህን በእጄ ሠርቼ ስደርስበት የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም።

ሌላው ወጥመድ አልፋ ቅንጣት፣ ማለትም የሂሊየም ኒውክሊየስ፣ ነው። 1 ማይክሮ አምፔር የአልፋ ቢም አለ፣ እያንዳንዱ ቅንጣት 5 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይዟል እንበል። ብዙ ተማሪ ዝም ብሎ ያባዛና 5 ዋት ይላል። አልፋ ግን ቻርጁ የፕሮቶን እጥፍ ነው። በዚያው ከረንት የሚያልፉት ቅንጣቶች ግማሽ ናቸው። ትክክለኛው መልስ 2.5 ዋት ነው። ጋሼ ቅንጣቶቹን ሳይቆጥር ወደ ፓወር የዘለለውን ሁሉ ይመልሱታል።

ለካንሰር ሕክምና እንደሚያገለግሉት ማፋጠኛዎች በምት በምት የሚመጣ ቢምም ሠርተናል። ምቱ ሲመጣ ያለው ከረንት 100 ሚሊ አምፔር፣ የአንዱ ምት ቆይታ 4 ማይክሮ ሰከንድ፣ በሰከንድ 200 ምት ይሁን። አማካዩ 80 ማይክሮ አምፔር ብቻ ነው። በ6 ሚሊዮን ቮልት ሲሰላ አማካይ ፓወሩ 480 ዋት ይሆናል፣ በምቱ ቅጽበት ግን 600 ኪሎ ዋት። የቱ እንደተጠየቀ ሳያነቡ መሥራት የለም።

ጋሼን ከልቤ አመሰግናለሁ። እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ካስተማሩኝ ሰዎች ሁሉ «ለምን?» ስል ያልሰለቹኝ እሳቸው ናቸው።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ የሚያስጠኑት ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ተማሪ አይቀበሉም፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ክፍያው የሚቻል ነው፣ የቸገረው ካለ ደግሞ በግልጽ ይንገራቸው፣ ያዳምጣሉ። መልስ ብቻ ለሚፈልግ ሰው አይሆኑም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የ12ኛ ክፍል ተማሪም ይቀበላሉ። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ፣ በስክሪብቶ ማሠራት አይወዱም።